ዋና ወይስ አጃቢ

ያብስራ አልበሙን ያሰማኝ በጥቅምት መጨረሻ፣ አንድ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ፣ በተከራያት ክፍል ውስጥ ነው። ክፍሏ አራት ሜትር በሦስት ናት። ግድግዳዋን በአሮጌ ፍራሽ ስፖንጅ ስለሸፈነው ድምፅ አይወጣም፣ አየርም አይገባም። በአሶሳ ፀሐይ እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ተዘግቶ የሚውል ሰው ወይ ጨካኝ ነው ወይ ፍቅር ይዞታል። ያብስራ ጨካኝ አይደለም።

ዐሥር ዘፈን አሰማኝ። ሁሉም ዝግ ያሉ፣ ደመና የተጫናቸው፣ ሰኔ ላይ ሊዘንብ ሲል የሚወርደውን ከባድ አየር የያዙ ናቸው። ጊታሩንም ኪቦርዱንም የተጫወተው እሱ ነው፤ ድምፁ ግን በየዘፈኑ የሌላ ሰው ነው። ገላኔ የምትባል የባምባሲ ዘማሪ በኦሮምኛ ታንጎራጉራለች። አንድ የቡለን ገበሬ በሺናሽኛ ያዜማል። ጉባ ግድቡ ላይ ስምንት ዓመት ብረት ሲበይድ የኖረ ሰው አንድ ሙሉ ዘፈን በፉጨት ብቻ ይጨርሳል። እያንዳንዱ ለብቻው መጥቶ፣ ማዳመጫ ጆሮው ላይ አድርጎ፣ ድርሻውን ቀድቶ ሄዷል። እርስ በርሳቸው አይተዋወቁም።

"እንዴት ነው መምህር?" አለኝ። ያብስራ ጤና ጣቢያ የሚሠራ የላብራቶሪ ባለሙያ ነው፤ ቀን ደም ሲመረምር ይውልና ከሥራ መልስ ወደዚህች ክፍል ይገባል። አራት ዓመት እንዲህ ኖሯል።

"ጥሩ ነው። የማን ነው?"

"የኔ ነዋ!"

"እኔ የሰማሁት የዐሥር ሰው ድምፅ ነው። አንተ አንዴም አልዘፈንክም። በምን ሕግ ነው ያንተ የሆነው?"

ሳቀ። እኔ ግን አልቀለድኩም። ሕግ አስተምራለሁ፤ ከማስተምረው ሕግ ሁሉ ደግሞ በየቀኑ የሚያንገበግበኝ የፈጠራ ሰዎች መብት ነው። ካሴት ይገዛ በነበረበት ዘመን ሽፋኑ ላይ "ዜማ፦ የሕዝብ" የሚል ሳነብ ያደግኩ ሰው ነኝ። ሕዝብ ዜማ አይደርስም። አንዲት ሴት ወፍጮ ቤት ተራ ስትጠብቅ ትደርሰዋለች፤ አንድ ሰው ማሽላ ሲጠብቅ ማማ ላይ ይደርሰዋል። "የሕዝብ" ማለት የባለቤቱን ስም ለመጠየቅ የሰነፈ ሌባ የሚጽፈው ቃል ነው። ይህንን ከሁለት ዓመት በፊት ጋዜጣ ላይ ጽፌ ስድስት ሰው ሰድቦኛል፤ ስድስቱም ዘፋኞች ነበሩ።

"እንግዲያው እርስዎ ያስተካክሉልኛ!" አለ ያብስራ።

አስተካከልኩለት። አንድ ገጽ የስምምነት ቅጽ አዘጋጀሁ። ስም፣ ሥራ፣ በዘፈኑ ውስጥ ያለው ድርሻ፣ ፊርማ። ከድርሻው ሥር ሁለት ሳጥን አደረግሁ፤ አንዱ "ዋና"፣ ሌላው "አጃቢ" ይላል። ዐሥሩም እንግዶች እየመጡ ፈረሙ። ገላኔ ቅጹን ለእናቷ ለማሳየት ፎቶ አነሳችው። የግድቡ በያጅ "ፉጨትም ሥራ ነው እንዴ?" ብሎ ሁለት ጊዜ አነበበው። ደስ አለኝ። ደስ የሚለኝ ብዙ ጊዜ አይደለም።

የቀረው ዐሥራ አንደኛው ዘፈን ነው።

ያብስራ የተወለደው ወላጆቹ ከወሎ መጥተው የሰፈሩበት መንደር ውስጥ ነው። ከመንደሩ ጀርባ ካለው ጉብታ ማዶ በርታዎች ይኖራሉ። በየዓመቱ የመጀመሪያው ማሽላ ሲቆረጥ ከማዶ የመለከት ድምፅ ይመጣ ነበር። በርታዎች ዋዛ ይሉታል፤ ቅል በቅል ላይ እየተሰካ የሚሠራ ረጅም መለከት ነው። ዐሥራ ሁለት ሰው፣ ዐሥራ ሁለት መለከት። ያብስራ ከልጅነቱ ጀምሮ ያን ዜማ ሰምቶ ነው የተኛው፣ ሰምቶ ነው የተነሳው። በዐሥሩም ዘፈኖች ውስጥ የዚያ ዜማ ቁራጭ ቁራጭ ተደብቋል። አንዴ ከነገሩህ በኋላ በየቦታው ትሰማዋለህ።

"ዐሥሩን የሠራሁት ለዐሥራ አንደኛው ነው" አለኝ። "እሱ ካልገባ አልበሙን አላወጣውም።"

ጊዜው ጠባብ ነበር። መለከቶቹ አዝመራ ሳይደርስ አይነፉም፤ ያ የመንደሩ ሕግ ነው። በዚያ ዓመት ማሽላው ዘግይቶ ኅዳር መጨረሻ ላይ ተቆረጠ። ያብስራ ደግሞ ታኅሣሥ ሃያ ለሁለተኛ ዲግሪ ወደ ጅማ ይሄዳል። ያ ካለፈ ሌላ አዝመራ መጠበቅ ነው፣ እሱም እዚህ አይኖርም።

መለከተኞቹን ያመጣችልን ዐዋጢፍ ናት። አሶሳ ውስጥ ሦስተኛ ክፍል ታስተምራለች፤ ዘፈኑ ላይ ድምፅዋን የምትሰጠውም እሷ ናት። የመለከተኞቹ አለቃ ጋሽ አጠይብ አጎቷ ነው። ዐሥራ ሁለቱ ሰዎች ታኅሣሥ በገባ በሦስተኛው ቀን በአራት ባጃጅ መጡ። መለከቶቹ በግራና በቀኝ ወጥተው ባጃጆቹ ቀንድ ያበቀሉ ይመስሉ ነበር። ከሰው ቁመት የሚበልጠው ትልቁ መለከት ጣሪያ ላይ ታስሯል።

ክፍሏ ዐሥራ ሁለት ሰው አትይዝም። ያብስራ እንደለመደው አንድ በአንድ ሊቀዳቸው ወሰነ። እኔም ደገፍኩት። ደገፍኩት ስል ዝም አልኩ ማለቴ አይደለም፤ "እንዲያውም ይህ ነው ትክክሉ፤ የእያንዳንዱ ድርሻ ለብቻው ይቀመጣል፣ ነገ ማንም ሊክደው አይችልም" ብዬ ተናገርኩ። ይህንን መደበቅ አልፈልግም።

መጀመሪያ የገባው ጋሽ አጠይብ ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ስድሳ የዘለለው ገበሬ ነው። ቅጹን ዘርግቼ ተቀመጥኩ።

"ጋሽ አጠይብ፣ የእርስዎ ድርሻ ምንድን ነው?"

"የኔ? አንድ ድምፅ።"

"የትኛው የዜማው ክፍል ማለቴ ነው።"

መለከቱን አንስቶ አንድ ጊዜ ነፋ። ስፖንጁ ተንቀጠቀጠ። "ይሄ ነው" አለኝ።

"ከዚያስ?"

"ከዚያ ዝም። ሐሚስ ይነፋል፣ ባበክር ይነፋል፣ ሌላ ይነፋል፣ ሌላ ይነፋል። ከዚያ እኔ እመጣለሁ።"

"ታዲያ ዜማውን የሚጫወተው ማነው?"

"ማንም።"

"ማንም!"

"ማንም ብቻውን አይጫወትም፣ ያ ኡስታዝ። አንድ ሰው አንድ ድምፅ ነው ያለው። ምን ይጫወታል?" "ያ ኡስታዝ" የሚለው እኔን ነው፤ በዐረብኛ "መምህር ሆይ" ማለት ነው።

"ማንም" የሚለው ቃል ያሳብደኛል። ማንም የሚባል ሰው ፍርድ ቤት ቀርቦ መብቱን ጠይቆ አያውቅም። ስለዚህ ሥራዬን በራሴ ጆሮ ሠራሁ። ዐሥራ ሁለቱን ሁሉ አዳመጥኩ። የሐሚስ መለከት ከሁሉ ትንሿ ናት፣ ክንድ ታህላለች፤ ድምፅዋ ቀጭን ስለሆነ ከሁሉ በላይ ጎልቶ ይሰማል። በሐሚስ ቅጽ ላይ "ዋና" የሚለው ሳጥን ውስጥ ምልክት አደረግሁ። በቀሩት ዐሥራ አንዱ ላይ "አጃቢ"። ቅጹን ለእያንዳንዳቸው አነበብኩላቸው፣ ፈረሙ። የሁለቱ ሳጥኖች ነገር ግን ለኔ ትንሽ ነገር ስለነበረች ቶሎ ቶሎ አለፍኳት።

ቀረጻው ሁለት ቀን ፈጀ። ያብስራ በማዳመጫው ውስጥ ጊዜ መቁጠሪያ ያሰማቸዋል፤ ቲክ፣ ቲክ፣ ቲክ፣ ከዚያ በምልክት ይነፋሉ።

"ይሄ ጆሮዬ ውስጥ የሚያንኳኳ ሰውዬ ማነው?" አለ ባበክር። ባበክር አርባ ዓመት የሞላው ወፍራም ሰው ነው፤ ከሐሚስ ቀጥሎ የሚነፋው እሱ ነው። "በሩን ክፈቱለት እንጂ!"

ያን ቀን በጣም ሳቅን። ሁለተኛው ቀን ሲያልቅ ዐሥራ ሁለት ቅጽ ቦርሳዬ ውስጥ ይዤ እንደ ጄኔራል ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ያብስራ ሦስት ቀን ተቀምጦ ድምፆቹን ገጣጠማቸው። በአራተኛው ቀን ዐዋጢፍ ልትዘፍን መጣች። ማዳመጫውን አድርጋ ቆመች። ዜማው መጣ፣ ሄደ፤ አልገባችም። እንደገና ከፈተላት፤ አልገባችም። ማዳመጫውን አወለቀች።

"ያብስራ፣ ይሄ የጽሕፈት መኪና ነው።"

"ድምፆቹ እኮ ትክክል ናቸው" አለ። ፊቱ ግን እንደማያምንበት ያሳብቅበታል። "አንዱም አልሳተም።"

"እግራቸው የታለ?"

"የምን እግር?"

"እየዞሩ ነው የሚነፉት። ክብ ሠርተው ይዞራሉ። እኔ የምገባው ትልቁ መለከት ትንፋሽ ስቦ እግሩ መሬት ሲመታ ነው። እዚህ ውስጥ ትንፋሽ የሚስብ ሰው የለም።" ወደ እኔ ዞረች። "ደግሞ መምህር፣ ባበክርና ሐሚስ ተኳርፈዋል።"

"በምን?"

"በእርስዎ ወረቀት።"

ነገሩ እንዲህ ነው። ባበክር ማንበብ ይችላል። ወደ መንደር ሲመለሱ ባጃጅ ውስጥ ከሐሚስ ጎን ተቀምጦ፣ እኔ የሰጠኋቸውን ቅጂ አወጣ። የራሱን አነበበ። የሐሚስን ተቀብሎ አነበበ። ከዚያም "ለካ ሃያ ዓመት አሽከርህ ነበርኩ፤ ምነው እስከዛሬ ሳትነግረኝ?" አለው። ሐሚስ ዝም ቢል ጥሩ ነበር። ሐሚስ ግን "እኔ ምን ላድርግ፣ የተማረ ሰው ሰምቶ የፈረደው ነው" ብሎ ፈገግ አለ። ባበክር ግማሽ መንገድ ላይ ባጃጁን አስቁሞ ወርዶ በእግሩ ሄደ። ትልቁን መለከት የሚነፋው ሰውዬ ደግሞ "እኔ ይሄን የሚያህል ተሸክሜ አጃቢ ነኝ?" ብሎ ለብቻው ማጉረምረም ጀምሯል።

በመንደሩ ሕግ የተኳረፉ ሰዎች አንድ ክብ ውስጥ አይቆሙም። አንድ ሰው ከጎደለ ደግሞ ዜማው ጥርሱ እንደወለቀ ሰው ነው። ጋሽ አጠይብ መለከቶቹን ሰብስቦ ጣሪያው ሥር መልሶ ሰቅሏቸዋል።

"ቃሉን በትክክል አልተረዳውም!" አልኩ። "ይህ የሙያ አመዳደብ ነው። በዓለም ላይ የሚሠራበት ነው! ሰው በአንድ ሳጥን ምክንያት..."

"መምህር" አለች ዐዋጢፍ፣ "ሦስተኛ ክፍል ውስጥ አንዱን ልጅ 'አንደኛ' ብዬ ሌላውን 'ጓደኛው' ብዬ ብጽፍ ጠዋት በሬ ላይ እናቱ ትቆማለች። እርስዎ ዐሥራ አንድ ትልልቅ ሰዎች ላይ ነው ያደረጉት።"

መልስ ነበረኝ፤ ሁልጊዜም መልስ አለኝ። ግን ያብስራን አየሁት። ኮምፒውተሩን ዘግቶ፣ የማዳመጫውን ገመድ በእጁ ላይ እየጠቀለለ ነበር። ሊሄድ የቀረው ዐሥራ ሁለት ቀን ነው። አንድም ቃል አልወቀሰኝም። ቢወቅሰኝ ኖሮ ተከራክሬ አሸንፈው ነበር።

እሑድ ጠዋት ሦስታችንም በባጃጅ ወደ መንደሩ ሄድን። በኩርሙክ መንገድ አርባ ደቂቃ ያህል ነው። ያብስራ በባትሪ የሚሠራ ትንሽ መቅረጫ በቦርሳ ይዟል፤ ለምን እንደያዘው አልጠየቅሁትም። ጋሽ አጠይብ አውድማው ላይ የማሽላ ዘለላ ይከምራል። ሰላምታ ከተለዋወጥን በኋላ በቀጥታ ወደ ጉዳዩ ገባሁ።

"ጋሽ አጠይብ፣ አስቤበታለሁ። ቅጹን አሻሽዬ ሁሉንም ዋና አደርጋለሁ።"

"ዐሥራ ሁለት ዋና?" አለ ሥራውን ሳያቆም። "አንድ ቤት ዐሥራ ሁለት አባት አለው?"

"እሺ፣ ሁሉንም አጃቢ።"

"ማንን ነው የምናጅበው? ያንተን ወረቀት ነው?"

"እንግዲያው ሳጥኑን አጠፋዋለሁ!"

"አጥፋ። ባበክር ግን አንብቧል። ባበክር ጭንቅላት ውስጥ የምታጠፋበት ላጲስ አለህ?"

"የሰው መብት ለማስከበር የደከምኩት እኔ ነኝ!" ድምፄ ከፍ አለ። "ድምፃችሁን ነገ አንዱ ወስዶ 'የሕዝብ ነው' ቢልስ? ያን ጊዜ ማን ሊጮህላችሁ ነው?"

ጋሽ አጠይብ ዘለላውን አስቀምጦ እጁን አራገፈ። "ያ ኡስታዝ፣ ስማኝ። ከዚህ በፊት የመጡ ሰዎች ነበሩ። ቀዱ፣ ሄዱ። ስማችን አልጠየቁም። አንተ ጠየቅህ። ወላሂ፣ ይሄ ጥሩ ነው። እኛ እናውቃለን። ግን ሁለት ሰው መሃል ገባህ። መሃል የገባ ሰው እዚህ አገር ሥራ አለው።"

"ምን ሥራ?"

ዐዋጢፍ ፊቷን አዞረች። ትከሻዋ ግን ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ።

ሥራው ይህ ነው። ጥል የዘራ ሰው ዐሥራ ሁለቱን መለከት ተሸክሞ ከቤት ወደ አውድማ ያወርዳል። አውድማው መሃል ይቆማል። ሴቶቹ ያደረገውን ሁሉ እየዘፈኑ ይነግሩታል። የተጣሉት ሰዎች ትይዩ ቆመው ያዳምጣሉ። ሁለቱ አብረው ከሳቁ፣ ኸላስ፣ አለቀ።

"አብሮ የሳቀ ሰው አይካሰስም" አለኝ ጋሽ አጠይብ። "አንድ ነገር ግን አለ። አንተ መልስ አትሰጥም። ዝም ብለህ ትሰማለህ።"

"ካልሳቁስ?"

"የሚመጣው ዓመት ሌላ ማሽላ አለ።"

ያብስራ የቦርሳውን ማንገቻ አስተካከለ። ጉብታውን አሻግሮ ያያል፤ እሱ የተወለደበት መንደር ከዚያ ጀርባ ነው።

"መለከቶቹ የት ናቸው?" አልኩ።

ዐሥራ ሁለት የቅል መለከት መሸከም ቀላል እንዳይመስላችሁ። አይከብዱም፤ ግን ይንሸራተታሉ፣ ይጋጫሉ፣ ከተሰነጠቁ ደግሞ በእነሱ ፋንታ ጣሪያው ሥር የሚሰቀለው አንተ ነህ። አምስቱን በቀኝ ትከሻዬ፣ አራቱን በግራ፣ ሁለቱን በብብቴ ይዤ፣ የሐሚስን ትንሿን በጥርሴ ነክሼ ወረድኩ። አውድማው ዙሪያ ሠላሳ የሚሆኑ ሴቶች ተሰብስበዋል። ሐሚስ በአንድ በኩል፣ ባበክር በሌላ በኩል ቆመዋል። ባበክር ሰማይ ሰማይ ያያል። ሰዕዲያ የምትባል ሸምገል ያለች ሴት ትንሿን መለከት ከአፌ ተቀብላ እንደ ሕፃን አፍንጫ ጠረገቻት። ያኔውኑ ሳቁ ተጀመረ።

ዐዋጢፍ አወጣች፣ ሴቶቹ ተቀበሉ። ዘፈኑ በበርታኛ ነው፤ ዐዋጢፍ ግን በየመሃሉ በአማርኛ ትነግረኛለች። ፍርድ ቤትም ቢሆን አስተርጓሚ ይሰጣል።

"ከሩቅ የመጣ ሰው ውኃ ይጠይቃል ይላሉ። ይሄ ግን መጥቶ እስክሪብቶ አወጣ።"

ቻልኩት።

"ዶሮ ስንት ዓይነት ነው ብለን ጠየቅነው፤ የምትጮኸው ዋና፣ እንቁላል የምትጥለው አጃቢ ናት አለን።"

ሐሚስ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ባበክር አልሳቀም። ደመና የሌለበትን ሰማይ በጥንቃቄ ይመረምራል።

"ቤትህ ውስጥስ መምህር? ሚስትህ ዋና ናት ወይስ አጃቢ? ሳጥኑን አሳየን።"

ይህንንም ቻልኩት፤ ሚስቴ ብትሰማ መልሱን ራሷ ትሰጣቸው ነበር። ያብስራ ጎኔ መጥቶ ቆሟል፤ መቅረጫውን በቀርከሃ ዘንግ ጫፍ ላይ አስሮታል። ባበክር አሁንም እንደ ግንብ ነው። ሌላ ግጥም፣ ሌላ ግጥም። ሴቶቹ እየደከሙ መጡ። የጋሽ አጠይብ ፊት መጨለም ጀመረ። የያብስራ ዘንግ ዝቅ አለ።

በዚህ መሃል ሰዕዲያ አንድ ግጥም ወረወረች። ዐዋጢፍ ተረጎመችልኝ።

"ሕግ ያስተምራል ይላሉ። ለሰው ሳያነብ የሚያስፈርም።"

"ይህ ሐሰት ነው!" አልኩ።

 መልስ አትሰጥም ተብያለሁ። አውቃለሁ። ግን ውሸት ነው! ለእያንዳንዳቸው አንብቤያለሁ! ስድብ እችላለሁ፣ የሐሰት ምስክር ግን አልችልም።

"አንደኛ!" አልኩ፣ ጣቴን አውጥቼ። በግራ ትከሻዬ ያሉት መለከቶች መንሸራተት ጀመሩ፤ በጉልበቴ ደገፍኳቸው። "አንደኛ፣ ቅጹ ለዐሥራ ሁለቱም በቃል ተነቧል! ሁለተኛ፣ ቅጂ ተሰጥቷል! ቅጂ ባይሰጥ ኖሮ ባበክር ከየት አምጥቶ ያነበው ነበር? ሦስተኛ..." ሦስተኛውን ጣቴን ሳወጣ ብብቴ ተከፈተና ሁለቱ መለከቶች ወደ ጎን ወጡ። በክርኔና በአገጬ ያዝኳቸው። አገጬ ቅል ላይ ተጣብቆ "ሦስተኛ" አልኩ፤ ቃሉ በመለከቱ ውስጥ አልፎ በሌላ በኩል እንደ ጥጃ ጩኸት ወጣ።

 ሰዕዲያ በእግሯ መሬቱን መታች። "አንደኛ!" አለች በአማርኛ። ሠላሳዎቹ ተቀበሉ፤ "አንደኛ!" "ሁለተኛ!" "ሁለተኛ!" ጣታቸውን እያወጡ፣ አገጫቸውን እያሾሉ፣ በጉልበታቸው የሌለ መለከት እየደገፉ ዞሩኝ።

ባበክር አፉን በእጁ ሸፈነ። እጁን ሲያነሳው ሳቁ ወጣ። ወፍራም ሰው ሲስቅ እግሩ አይችለውም፤ ማሽላው ክምር ላይ በጀርባው ወደቀ። ሐሚስ ሮጦ ሊያነሳው ሄደና እላዩ ላይ ወደቀ።

"ሦስተኛ አለ!" ይላል ባበክር እያለቀሰ። "ሰማኸው? በመለከት ነው የተከራከረ!"

"ሰማሁት" ይላል ሐሚስ። "አንተን ነው የሚመስል። ዜማ የለውም።"

"ኸላስ!" አለ ጋሽ አጠይብ።

መጥቶ መለከቶቹን ከላዬ ላይ አንድ በአንድ አወረደ። ዐሥራ ሁለቱ ክብ ሠሩ፤ እኔን አውድማው ዳር ያለው "ማንጎው ሥር ሂድ" አሉኝ። ያብስራ መሃላቸው ቆመ፣ ዘንጉን አነሳ። የሴቶቹ ሳቅ ገና አልበረደም ነበር፤ ትልቁ መለከት በዚያ ሳቅ ላይ ገባ። እግሮች መሬት መቱ። ሐሚስ ቀጭኗን ድምፅ አወጣ፤ ገና ሳታልቅ ባበክር ጅራቷን ያዛት፤ ሌላው ከባበክር ተቀበለ፤ ጋሽ አጠይብ ጉንጮቹ ተነፍተው፣ ዓይኖቹ ተጨፍነው፣ ተራው ሲደርስ ብቻ አንድ ጊዜ። ማንጎው ሥር ሆኜ የሐሚስን ብቻ ለይቼ ልከተል ሞከርኩ። የጎላችው እሷ ናት ብዬ የፈረድኩት እኔ ነኝ። አልቻልኩም። ሐሚስ ነው ያልኩትን በሁለተኛው ድምፅ ላይ ባበክር ሆኖ አገኘዋለሁ። እልኸኛ ነኝ፣ አራት ዙር ሞከርኩ። በአምስተኛው ተውኩት።

ዐዋጢፍ ትልቁ መለከት ትንፋሽ ሲስብ ገባች። በአልበሙ ውስጥ ያለው ደመና ሁሉ፣ ያ ዝግ ያለ ከባድ ነገር፣ የት እንደሚዘንብ ያኔ ገባኝ። ያብስራ ከሁሉም ጋር እየዞረ ነበር። አንድ ጊዜ ፊቱ በእኔ በኩል አለፈ፤ እንዲያ ሆኖ አይቼው አላውቅም።

ሦስት ጊዜ ተጫወቱለት። አልበሙ ውስጥ የገባው የመጀመሪያው ነው፣ ከነሳቁ። መጀመሪያ ላይ ከሩቅ "ሁለተኛ! ቅጂ ተሰጥቷል!" የሚል የሰው ጩኸት ይሰማል። ያለ ፈቃዴ ነው የገባው። ክስ አልመሠረትኩም።

በቀሩት ቀናት በአንድ ነገር ብቻ ተጨቃጨቅን፤ የአልበሙ ሽፋን ላይ የሚጻፈውን። ጋሽ አጠይብ የመንደራቸው ስም ብቻ ይበቃል አለ። እኔ እምቢ አልኩ። የመንደር ስም "የሕዝብ" ማለት ነው፤ አጥሮ የመጣ ነው እንጂ ያው ነው። መንደር ጉንጭ የለውም፣ አይነፋም። የነፉት ዐሥራ ሁለት ሰዎች ናቸው፣ ዐሥራ ሁለቱም ስም አላቸው፣ ስማቸው ካልተጻፈ ራሴ ጋዜጣ ላይ አወጣለሁ አልኩ። በዚህ አንድ ነገር አልተሸነፍኩም፤ እነሱም አልተቃወሙኝም። "ስሙ ይጻፍ" አለ ጋሽ አጠይብ። "ግን ማንም መጀመሪያ እንዳይሆን።"

ያብስራ ሊሄድ ሁለት ቀን ሲቀረው ሽፋኑን በወረቀት አትሞ አመጣው። ጋሽ አጠይብ፣ ሐሚስና ባበክር ለገበያ አሶሳ ወርደው ነበር፤ ከዐዋጢፍ ጋር በያብስራ ክፍል በር ላይ በጥላው ተቀምጠን አየነው። ስሞቹን አውድማው ላይ በቆሙበት ተራ፣ ክብ አድርጎ ጽፏቸዋል። ሳጥን የለም።

ባበክር ወረቀቱን ተቀብሎ ብዙ አየው።

"ሐሚስ ከላይ ነው" አለ።

እውነት ነው፤ የሐሚስ ስም ከክቡ አናት ላይ ነበር። ያብስራ ወደ እኔ አየ። እኔ ጥርሴን ነከስኩ። ሐሚስ ወረቀቱን ከባበክር እጅ ወስዶ ጥቂት አዞረው፤ የባበክር ስም አናት ላይ ወጣ። መልሶ ሰጠው። ባበክር አየው፣ ራሱን ነቀነቀ፣ መልሶ ወደ ሐሚስ አዞረው። ሐሚስ እንደገና ወሰደው።

"ኧረ ቀደዳችሁት!" አለች ዐዋጢፍ።